በሲኦል ስም የተጠራው የምድር የመጀመሪያ ዘመን



መጽሐፍ ቅዱስን ስንገልጥ በመጀመሪያው ገጽ የምናገኛት ምድር ዛሬ የምናርሳትና የምንመላለስባት ምድር አይደለችም። መልክ ያልያዘች፣ ነዋሪ የሌለባት፣ በጥልቅና በጨለማ የተሸፈነች ናት (ዘፍ. 1፡2)። ቅዱሱ ጸሐፊ ስለዚያች ምድር ብዙ አይነግረንም። አንድ ነገር ግን አያልፍም፤ ይኸውም በዚያ ጨለማ ላይ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደነበረ ነው።

ልጆቻችን ደግሞ ስለ ጥንታዊቷ ምድር ሌላ ትምህርት ከሌላ መምህር ይሰማሉ። በሥነ ምድር ትምህርት የምድር የመጀመሪያ ዘመን «ሃዲያን» ይባላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ወጣት ይህ ስም ከሲኦል ስም የተወሰደ መሆኑን ያገኛል። ከዚያም ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ መጥቶ፣ «እናንተ እግዚአብሔር ሁሉን መልካም አድርጎ ፈጠረ ትሉናላችሁ፤ ሊቃውንት ግን ምድር በሲኦል ጀመረች ይላሉ፤ ማንን እንመን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በተግሣጽ የሚታለፍ አይደለም። መምህሩ «ይህን አትስማ» ቢለው ወጣቱ ከሁለቱ አንዱን የግድ መምረጥ ያለበት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚተወው የእኛን ጉባኤ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉምና አመጣጥ፣ ቀጥሎም ቃሉ ስለ እምነታችን የሚያስታውሰንን እንመለከታለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ስሙ ከየት መጣ?

የሥነ ምድር ሊቃውንት የምድርን ታሪክ በአራት ታላላቅ ዘመናት ይከፍላሉ። እነርሱም ሃዲያን፣ አርኪያን፣ ፕሮቴሮዞይክና ፋኔሮዞይክ ይባላሉ። ስሞቹ ሁሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። አርኪያን «መጀመሪያ»፣ ፕሮቴሮዞይክ «ቀዳሚ ሕይወት»፣ ፋኔሮዞይክ ደግሞ «የሚታይ ሕይወት» ከሚሉ ቃላት የመጡ ናቸው። «መጀመሪያ» የሚለው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተሰጥቶ ስለነበር፣ ከዚያ መጀመሪያ በፊት ለነበረው ዘመን ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነ። ይህንንም ስም በ1972 ያወጣው ፕሬስተን ክላውድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ምድር ሊቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከታወቁት ዐለቶች ሁሉ በፊት ያለውን ዘመን «ሃዲያን» ብሎ ጠራው። በኋላም ብሪታንያዊው ሊቅ ብራያን ሃርላንድ በላቲን «ጥንታዊ» ከሚለው ቃል የተወሰደ «ፕሪስኮአን» የሚል ስም አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን የጸናው የክላውድ ስያሜ ነው። በ2022 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንሶች ኅብረት ስሙን ከነወሰኑ በይፋ አጽድቆታል። እንደ ውሳኔው ይህ ዘመን ከዛሬ 4,567 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከዛሬ 4,031 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አበቃ።

የስሙ ምንጭ «ሃዴስ» ነው። ድምፁ «ሐዲስ» ከሚለው ከግእዝ ቃላችን ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም፤ ስለዚህ «ምድር ገና አዲስ በነበረችበት ጊዜ» የሚል ትርጉም የለውም። ሃዴስ በጥንታውያን ግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም የሚገዛ የጣዖት ስም ነበር። ሦስቱ ወንድማማች አማልክት ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ሰማዩ ለዜውስ፣ ባሕሩ ለፖሲዶን፣ ከምድር በታች ያለው ለሃዴስ ደረሰ ብለው ይተርኩ ነበር። ውሎ አድሮ የገዢው ስም ለግዛቱ ስም ሆነ። ግሪኮች ራሳቸው ቃሉን «የማይታይ» ብለው ይተረጉሙት እንደነበር ከፈላስፋው ከፕላቶን ጽሑፎች እንረዳለን። በሆሜር ቅኔ ውስጥ የምናገኘው ሃዴስም የእሳት ምድጃ ሳይሆን ሙታን እንደ ጥላ የሚመላለሱበት ድንግዝግዝ ያለ ሀገር ነው።

እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ተደርበው እንደሚገኙ ልብ እንበል። አንደኛው ዘመኑ አስፈሪና የሚያቃጥል ነበር የሚለው በሰፊው የተለመደው ትርጓሜ ነው። ሁለተኛው ከቃሉ ሥር የሚገኘው «ያልታየ» የሚለው ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ ዘመን ስሙን ከማይታየው፣ የመጨረሻው ታላቅ ዘመን ደግሞ ስሙን ከሚታየው ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። ከዚህም በላይ ሃዲያን ወደ 536 ሚሊዮን ዓመት፣ ፋኔሮዞይክ ደግሞ እስከ ዛሬ ወደ 539 ሚሊዮን ዓመት የሚቆጠሩ በመሆናቸው ርዝመታቸው ሊተካከል ጥቂት ቀርቶታል። በባሕርና በየብስ የሚታየው የእንስሳትና የዕፀዋት ታሪክ በአብዛኛው የተፈጸመበትን ያህል ዘመን፣ ምድር ለማንም ሳትታይ አሳልፋለች።

2. እሳቱና ምስክሩ

ሊቃውንት ይህን ዘመን በሲኦል ስም ለመጥራት ያበቃቸው ምክንያት ነበራቸው። ክሌር ፓተርሰን የተባለው ተመራማሪ በ1956 ከሰማይ በወደቁ ዐለቶች ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ የምድር ዕድሜ 4,550 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አሳይቷል። ምድር በወጣቷ ፀሐይ ዙሪያ ይዞር ከነበረው ትቢያና ዐለት ተሰብስባ ስትሠራ፣ የዐለቶቹ ግጭት ከፍተኛ ሙቀት ፈጠረ። በውስጧ የነበሩት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችም ሙቀቱን ጨመሩት። ከዚያም የማርስን ያህል ትልቅነት ያለው አካል ከምድር ጋር ተጋጭቶ ጨረቃ ከፍርስራሹ እንደ ተገኘች አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ከዚያ ግጭት በኋላ የምድር ገጽ የቀለጠ ዐለት ባሕር ነበር። በሀገራችን በአፋር ምድር ኤርታሌን ያየ ወይም በፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው የቀለጠ ዐለት ሲፈላ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያ በአንድ ጉድጓድ የታየው ነገር የምድርን ገጽ በሙሉ ሸፍኖ እንደነበረ ማሰብ ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረ ዐለት የለም ማለት ይቻላል፤ የተሠራው ቅርፊት እንደገና እየቀለጠና ወደ ውስጥ እየሰመጠ በአብዛኛው ጠፍቷል። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የሚገኘው «አካስታ» የተባለው ዐለት ዕድሜው 4,030 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሃዲያን መጨረሻ የተወሰነውም በእርሱ ነው። ስለዚህ ክላውድ ስሙን ሲያወጣ የዘመኑን ምስክር በእጁ ይዞ አልነበረም።

ምስክሩ በኋላ ተገኘ፤ የተገኘውም ትልቅ ተራራ ሆኖ አይደለም። በምዕራብ አውስትራልያ ጃክ ሂልስ በሚባል ኮረብታማ ስፍራ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በተሠራ ዐለት ውስጥ፣ «ዚርኮን» የሚባል ማዕድን ጥቃቅን ቅንጣቶች ተገኙ። ዚርኮን ከቀለጠ ዐለት በሚሠራበት ጊዜ ዩራኒየምን ተቀብሎ እርሳስን አያስገባም። ዩራኒየም ደግሞ በታወቀ ፍጥነት ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። እንግዲህ በቅንጣቱ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከዩራኒየሙ ጋር ሲነጻጸር ዕድሜውን ይናገራል። በ2001 ይፋ በሆነ ጥናት ከእነዚህ ቅንጣቶች የአንዱ ዕድሜ 4,404 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ተገለጠ። ቅንጣቱ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም፤ በመዳፍ ላይ ቢቀመጥ ከአሸዋ አይለይም።

ከዕድሜው ይልቅ ያስደነቀው ግን የያዘው ምስክርነት ነው። በውስጡ የተገኘው የኦክስጅን ዓይነት፣ ቅንጣቱ የተገኘበት ዐለት ቀድሞ በምድር ገጽ አጠገብ ከፈሳሽ ውሃ ጋር ተገናኝቶ እንደነበረ አመለከተ። ይህም ማለት ምድር ከተሠራች ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሲኦል ስም በተጠራው ዘመን ውስጥ፣ ውሃ ነበረ ማለት ነው። ሊቃውንት በዝርዝሩ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የመጀመሪያው እሳትም አልተካደም። ነገር ግን ያ ዘመን ከዳር እስከ ዳር እሳት ብቻ ነበር የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም። ስሙ ቀርቷል፤ ስሙ ያሳደረው ግምት ግን ተለውጧል።

3. ሲኦል በእምነታችን

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። «ምድር በሲኦል ጀመረች» ሲል ሲኦል የሚለውን ቃል የወሰደው በምን ትርጉም ነው? በአማርኛችን ሁለት ቃላት አሉን፤ ሲኦልና ገሃነም። ሁለቱም ከዕብራውያን የመጡ ናቸው። ገሃነም ስሙን ያገኘው በኢየሩሳሌም አጠገብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ሲሆን፣ ጌታችን ለዘላለም ፍርድ ስም አድርጎ ተናግሮበታል። ሲኦል ግን በብሉይ ኪዳን የሙታን ሁሉ ማደሪያ ነው። የልጁን የዮሴፍን ሞት የሰማው ያዕቆብ እያዘነ ወደ ልጁ ወደ ሲኦል እንደሚወርድ ተናግሯል (ዘፍ. 37፡35)። ያ ጻድቅ አባት የተናገረው ስለ ዘላለም ኵነኔ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሰባው ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ ሲተረጕሙ ለዚህ ለዕብራይስጡ ቃል የመረጡት ቃል «ሃዴስ» ነበር። በዚህ ዓይነት የአሕዛብ አፈ ታሪክ ስም በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ አዲስ ትርጉም ለበሰ። በአንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁለቱ ቃላት በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ሰዎች ይደናገራሉ። እኛ ሁለቱን ለይተን የምንጠራበት ሀብት እያለን በንግግራችን ስንደባልቃቸው ልናዝን ይገባናል።

ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ራእየ ዮሐንስ በግልጽ ያሳያል። ሞትና ሲኦል በውስጣቸው የነበሩትን ሙታን ይመልሳሉ፤ ከዚያም ራሳቸው ወደ እሳቱ ባሕር ይጣላሉ (ራእ. 20፡13-14)። ሲኦል ፍጻሜ ያለው ነው። ቁልፉም በእጁ ያለው ሞቶ የተነሣው ጌታ ነው (ራእ. 1፡18)።

ከዚህም የሚበልጠው ምሥጢር በሐዋርያት ጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው ነው። ጌታችን ከተሰቀለና ከሞተ በኋላ ሙታን ወዳሉበት ወረደ። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን አንቀጽ ሲያብራራ፣ የጻድቁና የኃጥኡ ዕጣ በሲኦል አንድ እንዳልነበረ የአልዓዛርን ምሳሌ ጠቅሶ ያስተምራል። ክርስቶስ የወረደው የኵነኔን ገሃነም ለማፍረስ ሳይሆን ቀድመውት የነበሩትን ጻድቃን ነጻ ለማውጣት መሆኑንም ይገልጻል (ቁጥር 632-635)። በትንሣኤ ሰሞን እርስ በርሳችን በምንለዋወጠው የሰላምታ ቃል የአዳምን ነጻ መውጣት የምናውጀው ስለዚህ ነው። የሀገራችን ሠዓሊዎችም ትንሣኤን ሲሥሉ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው የሚያሳዩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለወጣቱ የምንሰጠው መልስ ከዚህ ይመነጫል። ምድር በሃዴስ ስም በተጠራ ዘመን መጀመሯ እግዚአብሔር በዚያ አልነበረም ማለት አይደለም። መዝሙረኛው ወደ ሰማይ ቢወጣ ወደ ሲኦልም ቢወርድ ከፈጣሪው ፊት የሚሸሽበት ስፍራ እንደሌለ ይናገራል፤ ጨለማም በእርሱ ፊት እንደማይጨልም ይመሰክራል (መዝ. 139)። ለእኛ ያልታየ ዘመን ሁሉ ለእርሱ የታየ ነው። ኢዮብንም፣ የምድርን መሠረት ስጥል አንተ ከወዴት ነበርህ የሚል ጥያቄ አቅርቦለታል (ኢዮብ 38)።

ደግሞም ያልተጠናቀቀ ነገር ሁሉ የተረገመ አይደለም። ይኸው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 302 ፍጥረት የራሱ መልካምነት ያለው ቢሆንም ከፈጣሪው እጅ ሲወጣ ፍጻሜውን ይዞ እንዳልወጣ፣ ወደ ፍጹምነት በሚወስድ ጉዞ ላይ ሆኖ እንደ ተፈጠረ ያስተምረናል። የቀለጠችው ምድር የክፋት ሥራ አልነበረችም፤ በመንገድ ላይ ያለች ምድር ነበረች። ዛሬ በጽዋችን የሚቀዳው ውሃ፣ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ የምታበቅለው አፈር፣ የእኛም ሥጋ የተሠራበት ትቢያ ከዚያች ምድር የመጡ ናቸው። እግዚአብሔር ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ የለበሰው ሥጋ ከዚህ ትቢያ ነው። ስለዚህ የምድር የመጀመሪያ ታሪክ ለድኅነታችን ታሪክ ባዕድ አይደለም።

4. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን አጥብቃችሁ እንድትይዙ እናሳስባችኋለን።

አንደኛ፣ የዘፍጥረትን መጽሐፍ የሥነ ምድር መማሪያ አታድርጉት። «ጥልቁ ማለት የቀለጠው ዐለት ነው፤ ሙሴ ሃዲያንን ያውቅ ነበር» ብሎ ማስተማር ለጊዜው ደስ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን የሊቃውንቱ አሳብ በሌላ ግኝት ሲሻሻል ወጣቱ መጽሐፉም የተሳሳተ ይመስለዋል። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ስለ ኦሪት ዘፍጥረት በጻፈው ትርጓሜ፣ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር ያለ እውቀት በድፍረት ቢናገር በማያምኑት ዘንድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለመናቅ ምክንያት እንደሚሆን አስጠንቅቆ ነበር። መጽሐፉ የሚነግረን ምድር የማን እንደሆነችና ለምን እንደ ተፈጠረች ነው፤ ዚርኮኑ የሚነግረን መቼና እንዴት እንደሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን ትምህርት የእምነት ጠላት አድርጋችሁ አታቅርቡት። የዐለት ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ የታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድም በ1669 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረውና ለሥነ ምድር ትምህርት መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ኒኮላስ ስቴኖ ነው። ይህ በዴንማርክ የተወለደ ሊቅ በ1667 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ፤ በ1675 ካህን፣ በ1677 ጳጳስ ሆነ፤ በ1686 በድህነት እያገለገለ ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ብፅዕናውን አውጀዋል። ዐለትን በትዕግሥት ያነበበ ዓይንና ወንጌልን ያነበበ ዓይን በአንድ ሰው ፊት ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ለወጣቶቻችሁ ንገሯቸው።

ሦስተኛ፣ በቃላት አጠቃቀማችሁ ተጠንቀቁ። ይህ ማስጠንቀቂያ ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው። በየመንደራችን ኑሮ የከበደው «ቤቴ ሲኦል ሆነብኝ» ሲል እንሰማለን፤ ቃሉ የምሬት ስለሆነ ልንታገሠው እንችላለን። የሚከፋው ግን ስለ ሌላ ሰው የምንናገረው ነው። ከእስር የተፈታውን ወጣት፣ በመጠጥ የተያዘውን አባት፣ ከዓረብ ሀገር ባዶ እጇን ታማ የተመለሰችውን እኅት «አለቀላቸው» እንላለን። ታሪካቸውን ከመመርመራችን በፊት ስም እናወጣላቸዋለን። ገሃነም እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታስተምራለች። ነገር ግን ገሃነም የማንም ሕያው ሰው ስም አይደለም። ሕያው የሆነ ሰው ሁሉ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ በእርሱም ውስጥ ገና ያላየነው ነገር አለ።

ሊቃውንቱ ለዚያ ዘመን ስም ያወጡት ዐለቱን ሳያገኙ ነው፤ ምስክሩ ሲገኝ ግን ዓይናቸውን አልከደኑም፤ ቅንጣቷን መርምረው የምትለውን ሰሙ። እኛስ ስለ ወንድማችን ይህን ያህል ትዕግሥት አለን? አንድ የቁምስናችን ወጣት ከብዙ ጥፋት በኋላ አንድ ቀን ለሽማግሌ ውሃ ሲቀዳ፣ አንዲት እኅት ከብዙ ዝምታ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ስታማትብ፣ ያ ትንሽ ነገር ምስክር ነው። ትንሽ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ስለ ምድር ልጅነት የነበረንን ግምት የለወጠው ከአሸዋ የማትለይ ቅንጣት ናት።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጡት ወራት እያንዳንዳችን «አለቀለት» የተባለውን አንድ ሰው አስበን ወደ ደጁ እንሂድ። ክርስቶስ ወደ ሲኦል የወረደው ከላይ ቆሞ ለመፍረድ ሳይሆን እጅ ለመያዝ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ወጣቱ ጥያቄውን ይዞ ሲመጣ ደስ ብሏችሁ ተቀበሉት፤ ጥያቄው ራሱ እግዚአብሔርን የመፈለግ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ብርሃንን ከጨለማ የጠራ፣ በማንም ዓይን ሳትታይ የቀለጠችውን ምድር በጥበቡ ያጸና፣ ልጁንም ወደ ሙታን ማደሪያ የላከ አምላክ፣ በእኛ ዘንድ ያልታየውን እርሱ ይይልን፤ ያልተፈጸመውንም ይፈጽምልን። አሜን።